ፒዲኤፍ አይለወጥም ከተባለ ፊደሎቹ ለምን ተለወጡ?

ጥያቄ፦ አርባ ገጽ ያለው ጽሑፍ በፒዲኤፍ አዘጋጅቼ ለማተሚያ ቤት ላክሁ። በእኔ ኮምፒውተር እንከን ያልነበረበት ገጽ እነርሱ ዘንድ ሲከፈት መስመሮቹ በቦታቸው ቢሆኑም አንዳንዱ ፊደል ባዶ ሣጥን ሆኗል፤ የርዕሶቹም መልክ ተቀይሯል። ፒዲኤፍ የትም ቢከፈት አይለወጥም ይባል የለምን? ወይስ ሌላ ዓይነት ፋይል ልጠቀም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚባለው እውነት የሚሆነው ፋይሉ የተጻፈበትን ፎንት በውስጡ ይዞ ሲሄድ ብቻ ነው። አዶቢ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ፒዲኤፍን ይፋ ያደረገው ገጹ በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ አስቦ ነው። ፋይሉ ጽሑፉ በገጹ ላይ የት የት እንደሚያርፍ ስለሚመዘግብ መስመሮችዎ አልተነቃነቁም፤ የፊደሉ ቅርጽ ግን የሚገኘው ከፎንቱ ነው። ፎንቱ ካልተካተተ ፋይሉ ስሙን ብቻ ይዞ ይጓዛል፤ የሚከፍተው ኮምፒውተርም ፎንቱን ሲያጣ በሌላ ይተካዋል፣ ተተኪው ያንን ፊደል ካላካተተ ደግሞ ሣጥን ይታያል። በቀድሞው ደንብ ሳይካተቱ እንዲሠሩ የተፈቀዱት 14 መደበኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ብቻ የያዙ ስለነበሩ፣ ጉዳቱ በሌላ ፊደል በሚጽፍ ሰው ላይ ይበረታል።

ስለዚህ ፒዲኤፍን አይተዉት። በማንበቢያው ሶፍትዌር የሰነዱን ፕሮፐርቲስ ከፍተው የፎንቶቹን ዝርዝር ይመልከቱ፤ እያንዳንዱ ፎንት መካተት አለመካተቱን እዚያው ተጽፎ ያገኙታል። አንዳንድ ፎንቶች ፈቃዳቸው መካተትን ስለሚከለክል፣ እንዲህ ያለው ካጋጠመዎ ፎንቱን መለወጥ ይሻላል። ፋይሉን ሲያስቀምጡ ለኅትመት የተዘጋጀውን ፒዲኤፍ ኤክስ የተባለውን ዓይነት ቢመርጡ ፎንቶቹን ሁሉ ማካተት ግዴታ ይሆናል፤ ቀለሙ እንዴት እንደሚታተምም በግልጽ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ፒዲኤፍ ኤ ደግሞ ለዘመናት የሚቀመጥ ሰነድ የሚዘጋጅበት ሲሆን እርሱም ፎንቶቹ እንዲካተቱ ያስገድዳል። ማተሚያ ቤቱ የትኛውን የፒዲኤፍ ኤክስ ዓይነት እንደሚቀበል አስቀድመው ይጠይቁ።

ብዙዎች ከዚህ ችግር ለማምለጥ ገጹን ወደ ጄፔግ ሥዕል ይለውጡታል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ፊደሉ የነጥቦች ስብስብ ስለሚሆን ሲታተም ጠርዙ ይደበዝዛል፣ በጽሑፉ ውስጥ ቃል መፈለግም ሆነ ለዓይነ ስውራን በድምፅ ማስነበብ አይቻልም። የወርድ ፋይሉን እንዳለ መላክም አያዋጣም፤ እዚያ መስመሩ ራሱ ይሸሻል። ዴጃቩ የተባለው የፋይል ዓይነትም በስካነር ለተነሡ መጻሕፍት እንጂ ለእርስዎ ሥራ አይሆንም።

ፋይሉን እንደገና ካዘጋጁ በኋላ፣ ከመላክዎ በፊት ፎንቱ ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው አርባውንም ገጽ ይመልከቱት።