ባላንጣ በምን ይረታል፤ በቃል ወይስ በክንድ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ እኔ በትርፍ ጊዜዬ የምጽፍ መምህር ስሆን ላለፉት ሁለት ዓመታት አክሽን የበዛበት አንድ ልብ ወለድ ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ባላንጣው ደግሞ በአንድ ወቅት አዛዡ የነበረና ኋላ የኮንትሮባንድ ንግድ መሪ የሆነ ሻለቃ ነው። በ3ኛው ምዕራፍ ሻለቃው ቆስሎ የወደቀውን ጀግናዬን ተሸክሞ ወንዝ ሲያሻግረው አሳያለሁ። በመጨረሻው በ18ኛው ምዕራፍ ሁለቱ በአንድ መጋዘን ውስጥ ይፋለማሉ፤ ጀግናዬ ካሸነፈ በኋላ ስለ አገርና ስለ ሕሊና ሁለት ገጽ ያህል ይናገራል፤ ሻለቃውም ተጸጽቶ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። ረቂቁን ያነበቡ ጓደኞቼ እዚህ ቦታ ሲደርሱ ሁሉም ሳቁ። አንደኛው «ሰውዬው የመጣው ሊዋጋ ነው ወይስ ሊሰብክ?» አለኝ። ሌላው ግን በንግግር የሚመለስ ሰው ከነበረ አሥራ ሰባት ምዕራፍ ሙሉ ለምን ተደባደቡ ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁለት። ንግግሩን ላስወጣው ወይስ ፍልሚያውን ልቀንሰው?
ጀማሪው ደራሲ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ የሁለተኛው ጓደኛዎ ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀልድ ይልቅ የሚከብድ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። በእኔ ግምት በጥሩ አክሽን ታሪክ ውስጥ ፍልሚያው ብቻውን ባላንጣውን አያሳምነውም፤ ቃሉም ብቻውን አያሳምነውም። የፍልሚያው ሥራ ባላንጣው የተደገፈባቸውን ነገሮች፣ ጉልበቱን፣ ጭፍሮቹን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ትክክለኛው እኔ ነኝ» የሚለውን እርግጠኝነቱን አንድ በአንድ መንጠቅ ነው። ቃል ጆሮ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ቀድሞ በሰውየው ልብ ውስጥ ያለን ነገር የሚነካ ከሆነ። ጀግናዎ ስለ አገርና ስለ ሕሊና የተናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለየትኛውም ወንጀለኛ ቢነገር የሚያስኬድ ንግግር ነው፤ ለዚያ ሻለቃ ተብሎ የተነገረ አይደለም። ጓደኞችዎን ያሳቃቸውም ይኸው ይመስለኛል።

በዚህ ጉዳይ እጅግ ከተቀለደባቸው ሥራዎች አንዱ የጃፓናዊው ማሳሺ ኪሺሞቶ «ናሩቶ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 በሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ የወጣ፣ 700 ምዕራፎች ያሉት ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ፣ ነው። ወጣቱ ኒንጃ ናሩቶ ጠላቶቹን በንግግር የመመለስ ልማድ ስላለው አንባቢዎቹ ልማዱን «ቶክ ኖ ጁትሱ» ብለው ሰየሙለት፤ «የወሬ ጥበብ» እንደ ማለት ነው። ስያሜው ለአንዳንዶቹ ትዕይንቶች በእርግጥ ይገባቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ጥራዞች ያለውን የዛቡዛን ፍጻሜ ግን ቀረብ ብሎ ላየው ሌላ ነገር ያሳያል።

ዛቡዛ ለገንዘብ የሚገድል ሰው ነው። ከመንገድ አንሥቶ ያሳደገው ሃኩ የተባለ ልጅ፣ የናሩቶ መምህር ካካሺ በዛቡዛ ላይ የሰነዘረውን ምት በራሱ አካል ተቀብሎ ይሞታል። ዛቡዛ ልጁ ለእርሱ ከመሣሪያነት ያለፈ ነገር እንዳልነበረ ሆኖ ውጊያውን ይቀጥላል፤ ካካሺም ሁለቱንም እጆቹን ከጥቅም ውጭ ያደርግበታል። በዚህ መካከል የቀጠረው ባለሀብት ጋቶ ብዙ ጭፍራ አስከትሎ ብቅ ይላል፤ ክፍያውን ላለመክፈል ቀድሞውኑ ሊያስወግደው አስቦ እንደነበር በግልጽ ይነግረዋል፤ የሃኩንም አስከሬን በእግሩ ይመታል። ናሩቶ ያንን የታወቀ ንግግሩን የሚናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ዛቡዛ ልጁን አጥቷል፣ እጆቹ ተንጠልጥለዋል፣ ቀጣሪው ክዶታል፣ የሚዋጋበት ምክንያትም አልቀረለትም። ናሩቶም ስለ ሰላም ወይም ስለ ፍትሕ አያወራለትም፤ የሚያወራው ስለ ሃኩ ብቻ ነው። ያን ያህል ይወድህ ነበር፣ ሕይወቱን ሰጠህ፣ አንተ ግን ምንም አይሰማህም ወይ ይለዋል። ዛቡዛ ያለቅሳል። ንስሐውን በንግግር አያስረዳም፤ እጆቹ ስለማይታዘዙለት ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ በጭፍሮቹ መካከል እየሰነጠቀ ያልፍና ጋቶን ይገድላል፤ ሲያበቃም ከልጁ አጠገብ እንዲያስተኙት ይለምናል።

ይህ ሰው ደግ አልሆነም፤ ሲሞትም ገዳይ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሃኩ መሣሪያ እንዳልነበረ አመነ። አንባቢ የሚያምነውም ለውጡ በዚህ ልክ ጠባብ ስለሆነ ይመስለኛል። በዚያው ሥራ ውስጥ ኋላ ላይ የሚመጣው የሌላው ባላንጣ የናጋቶ ትዕይንት ከዚህ የላቀ ብልሃት አለበት፤ ናሩቶ የሚጠቅስለት የሁለቱም መምህር የነበረው ጂራያ የጻፈውን መጽሐፍ ሲሆን፣ ናጋቶ በመጽሐፉ ውስጥ በወጣትነቱ የተናገረውን የራሱን ቃል ያገኘዋል። ነገር ግን ናጋቶ ወዲያው በናሩቶ መንደር ላይ ባደረሰው ጥቃት ያለቁትን ሰዎች ከሞት ያስነሣቸዋል። እዚህ ላይ ደራሲው የሸሸ ይመስለኛል። የሞቱት ሞተው ቢቀሩ ኖሮ የናሩቶ ይቅርታ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር እናይ ነበር።

የባላንጣውን ቃል ለራሱ መመለስ በሲኒማም ሲሠራ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታየው ሁለተኛው «ስፓይደር ማን» ፊልም ውስጥ ሳይንቲስቱ ኦክታቪየስ ጀርባው ላይ የተጣበቁት የብረት ክንዶች አእምሮውን ወስደውበታል። ስፓይደር ማን የሆነው ፒተር ፓርከር በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ ገመድ መትቶ የክንዶቹን ኃይል ይሰብራል፤ ይህ የፍልሚያው ድርሻ ነው። ቀጥሎ ያለ ጭምብል ፊቱን ያሳየዋል። ከዚያም ብልህነት ለሰው ልጅ ጥቅም የሚውል ስጦታ እንደሆነ ቀድሞ ያስተማረው ራሱ ኦክታቪየስ መሆኑን ያስታውሰዋል። ጀግናው አዲስ ትምህርት አላመጣም፤ የቆየ ዕዳ አስታወሰ። አደገኛውን ማሽን ወንዝ ውስጥ የሚያሰጥመውም ራሱ ኦክታቪየስ ነው። ጀግናው ማሽኑን በራሱ እጅ አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ የባላንጣው መመለስ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀር ነበር።

ንግግር ሳይሳካ ሲቀርስ? እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ይህን ነው የሚያሳየው። ሉክ ከፍልሚያው በፊት አባቱን ዳርት ቬደርን በልመና ሊመልሰው ይሞክራል፤ አባቱ ለእርሱ ጊዜው እንዳለፈ ይነግረዋል፤ ልመናው አይሳካም። ከዚያ በፍልሚያው መሐል ልጁ በንዴት ጦዞ የአባቱን እጅ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው እጅ የብረት ነው። ሉክ ዓይኑን ወደ ራሱ ቀኝ እጅ ይመልሳል፤ እርሱም በቀደመው ፊልም በዚሁ አባት ተቆርጦ በብረት የተተካ ነው። ያን ጊዜ ሰይፉን ይወረውራል። የቬደር ጌታ የሆነው ንጉሠ ነገሥት ልጁን በመብረቅ ማሰቃየት ሲጀምር ቬደር አንዴ ወደ ልጁ አንዴ ወደ ጌታው ይመለከትና፣ በያኔው የሲኒማ ቅጂ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ጌታውን አንሥቶ ጥልቁ ውስጥ ይጥለዋል። በኋላ በወጡ ቅጂዎች ላይ ጩኸት ተጨምሮበታል፤ ባይጨመርበት ይሻል ነበር። ቬደርን የረታው ከሰይፍና ከንግግር ይልቅ የሰይፉ መወርወር ነው። ልጁ መግደል እየቻለ ባዶ እጁን ቆመ።

ነገሩ ከሲኒማ በብዙ ይቀድማል። በሆሜር «ኢልያድ» 24ኛ መጽሐፍ ላይ ሽማግሌው ንጉሥ ፕሪያም በሌሊት ወደ ጠላቱ ድንኳን ገብቶ የልጁን የሄክቶርን ገዳይ የአኪሊስን ጉልበት ይይዛል፣ እጁን ይስማል፣ አባትህን አስብ ይለዋል። ሁለቱም ያለቅሳሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ነው። ሽማግሌው አልቀመጥም፣ ቶሎ አስከሬኑን ስጠኝ ሲል አኪሊስ መልሶ ይቆጣል፤ አታስቆጣኝ ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ልቡ ከራራ በኋላም አደገኛ ሰው ነው። የተገኘውም ውጤት ሲታይ ትንሽ ነው፤ አንድ አስከሬንና የ11 ቀን ዕረፍት፣ በ12ኛው ቀን ውጊያው ይቀጥላል። ፕሪያም አኪሊስን «ተለወጥ» አላለውም፤ የጠየቀው ሊሰጠው የሚችለውን ነው። በእኛም አገር በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ እግር ላይ ሲወድቅ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይቅርታን።

አሁን ወደ መጋዘንዎ እንመለስ። መልሱን ቀድሞውኑ 3ኛው ምዕራፍ ላይ አስቀምጠውታል። ሻለቃው ያንን ወንዝ ሲያሻግረው የነበረው ሰው አሁንም በውስጡ ካለ ጀግናዎ መጥራት ያለበት እርሱን ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ እንግሊዝኛ የሌለውን መሣሪያ ይሰጥዎታል። ጀግናዎ በወታደርነቱ ዘመን አዛዡን «እርስዎ» ይለው እንደነበር እገምታለሁ፤ ባላንጣ ከሆኑ በኋላ «አንተ» ማለቱ አይቀርም። በአሥራ አምስቱም ምዕራፍ «አንተ» እያለ ቆይቶ፣ ሁለቱም ደም በደም ሆነው መሬት ላይ በተቀመጡበት ሰዓት «ሻለቃ፣ እጅዎ እየደማ ነው» ቢለው፣ ያቺ አንዲት «ዎ» ሁለት ገጽ ስለ ሕሊና ከመናገር የበለጠ ትሠራለች። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨምርበት፤ «ያን ቀን ወንዙ መሐል ለምን አልጣሉኝም?» ይበለውና ዝም ይበል። ሻለቃው እንዲመልስለት አያስፈልግም።

እጅ መስጠቱም ቢሆን ለእኔ ፈጥኗል። ከፖሊስ ጣቢያው በፊት አንዲት አነስተኛ ድርጊት ያድርግ፤ ለምሳሌ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ወለሉ ላይ ወደ ጀግናው ያንሸራትተው። አንባቢ ቀሪውን ይረዳዋል። ፍልሚያውን ግን አይቀንሱት፤ ይልቁንስ በእያንዳንዱ ግጥሚያ ሻለቃው አንድ ነገር እንዲያጣ አድርጉ፤ አንዴ የሚያምነውን ሰው፣ አንዴ ገንዘቡን፣ አንዴ «ለወታደሮቼ ስል ነው» የሚለውን ሰበቡን። ከአምስት ድብድብ በኋላ ምንም ያላጣ ባላንጣ በ18ኛው ምዕራፍ ድንገት ቢያለቅስ አሁንም ይሳቃል።

ሻለቃው የግድ መመለስ አለበት ወይ ብለው ካሰቡም የለበትም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታየው «ብላክ ፓንተር» ንጉሡ ባላንጣውን በፍልሚያ ያሸንፋል፤ ቁስልህን ላድን ሲለው ግን ባላንጣው እስረኛ ከመሆን ሞትን ይመርጣል። ንጉሡ ኋላ የአገሩን በር ለውጭው ዓለም የሚከፍተው በዚያው የሞተ ሰው ክርክር ተረትቶ ነው። ጀግናዎ ከሻለቃው አንድ እውነት ወስዶ ቢወጣ ምን ይመስልዎታል?

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ «ድራጎን ቦል» የተባለውን የጃፓን ካርቱን አዘውትሮ ያያል። በዚያ ታሪክ የተደበደበ ጠላት ሁሉ ዞሮ ወዳጅ ይሆናል። ልጄ ሰውን በመምታት ጓደኛ ማድረግ ይቻላል ብሎ እንዳያምን እሰጋለሁ። ስጋቴ ከንቱ ነውን?
አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከንቱ አይደለም፤ ታሪኩ ግን እርስዎ ከሚሰጉት በላይ ጠንቃቃ ነው። አኪራ ቶሪያማ ማንጋውን የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1995 ሲሆን ትልቁ ተመላሽ ቬጂታ ነው። ቬጂታ መጀመሪያ ምድር ላይ ተሸንፎ እየዳኸ ሲሸሽ የታሪኩ ጀግና የጎኩ ጓደኛ ክሪሊን ሰይፍ ይዞ ሊገድለው ይደርሳል፤ ተወው ብሎ የሚለምነው ጎኩ ነው፤ ያውም አንድ ቀን ከእርሱ ጋር እንደገና መጋጠም ስለሚፈልግ። ቬጂታ ከዚያ ሄዶ በሌላ ፕላኔት አንድ መንደር ሙሉ ይፈጃል። ድብደባው አልለወጠውም ማለት ነው። የሚለውጠው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ጊዜ ነው፤ በምድር ላይ ይኖራል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ከጎኩ ማነሱን ከብዙ ምሬት ጋር ይቀበላል፤ ልጁን አቅፎ ራሱን ለመሠዋት የሚሄደው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሌላው ጠላት ፍሪዛ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ተሸንፎ፣ አካሉ ተቆራርጦ መሬት ላይ ሳለ ምሕረት ይለምናል፤ ጎኩም ከራሱ ኃይል ከፍሎ ይሰጠዋል። ፍሪዛ በዚያችው በተሰጠችው ኃይል ጎኩን ከጀርባው ለመምታት ይሞክራል፤ ጎኩም ዞሮ ይመታዋል። እስኪ አንድ ምሽት አብረውት ቁጭ ይበሉና ጎኩ ያንን ኃይል መስጠቱ ትክክል ነበር ወይ ብለው ልጅዎን ይጠይቁት። አጀማመሩን ካላወቁት ይተርክልዎታል፤ ታሪኩን ከእኔ ይልቅ እርሱ ጠንቅቆ ያውቀዋል።