የተዘጋው የጦር ሰፈር በየትኛው በር ተመለሰ? ስለ ፊሊፒንስ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። በዩኒቨርሲቲያችን የክርክር መድረክ ርዕሱ በእስያ ስላሉ የውጭ ጦር ሰፈሮችና ስለ አሜሪካና ቻይና ፉክክር ሲሆን ለእኔ የደረሰችኝ ፊሊፒንስ ናት። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የውጭ ጦር ሰፈር ይከለክላል ይባላል፤ የአሜሪካ ጦር ግን ዘጠኝ ሥፍራዎችን ይጠቀማል። ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል ብዬ ልከራከር? የአሜሪካ ወታደር ወንጀል ቢፈጽምስ ማን ይዳኘዋል? ነገ የሚመረጥ መንግሥት «ውጡልኝ» ቢል ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ «ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል» ብለው ከጀመሩ ገና ሳይቀመጡ ይረታሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት (ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልኝ) በአንቀጽ 18 ክፍል 25 የሚለው፣ ከአሜሪካ ጋር የነበረው የጦር ሰፈር ስምምነት በ1991 ካበቃ በኋላ የውጭ ጦር ሰፈር፣ ወታደርም ሆነ የጦር ተቋም በውል ካልሆነ በቀር አይፈቀድም ነው። ውሉን የፊሊፒንስ ሴኔት ሊያጸድቀው፣ ኮንግረሱ ከጠየቀ ሕዝበ ውሳኔ ሊደግፈው፣ ሌላኛው ተዋዋይ አገርም እንደ ውል ሊቀበለው ይገባል። እንግዲህ ክልከላው በር አለው። የሚያከራክረው በሩ እስከ ምን ድረስ እንደተከፈተ ነው።

በሩ አንድ ጊዜ በትክክል ተዘግቷል። መስከረም 16 ቀን 1991 ሴኔቱ የሱቢክን የባሕር ኃይል ሰፈር ለ10 ዓመት የሚያራዝመውን ውል 12 ለ 11 ጣለው። ብዙ ሰው «በአንድ ድምፅ ወደቀ» ይላል፤ እርስዎ እንዳይደግሙት። ውል የሚጸድቀው ከ24ቱ ሴናተሮች በሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም በ16 ድምፅ ነው። 11 ደጋፊ የነበረው ውል የጎደለው 5 ድምፅ ነበር። የክላርክ አየር ሰፈር አስቀድሞ በፒናቱቦ እሳተ ገሞራ አመድ ተውጦ ተለቆ ነበር፤ ሱቢክም በኅዳር 1992 ተለቀቀ።

ከዚያ በ1998 ለጉብኝት የሚገቡ የአሜሪካ ወታደሮች የሚገዙበት «የጎብኚ ኃይሎች ስምምነት» ተፈረመ፤ በ1999 ሴኔቱ አጸደቀው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2000 ሕጋዊ ነው አለ። እስከዚህ ብዙ አያስቸግርም። ትልቁ ጠብ የተነሣው እርስዎ ያነሷቸው ዘጠኝ ሥፍራዎች በመጡበት፣ በሚያዝያ 2014 በተፈረመው «የተሻሻለ የመከላከያ ትብብር ስምምነት» ላይ ነው፤ ይህኛው ለሴኔት ጨርሶ አልቀረበም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥር 12 ቀን 2016 በ10 ለ 4 ድምፅ ያጸናበት ምክንያት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ክፍል 25 የሚገዛው የወታደሩን የመጀመሪያ መግቢያ ነው፤ መግቢያው በ1999 ጸድቋል፤ የ2014ቱ ሰነድ ያንን ማስፈጸሚያ ስለሆነ ፕሬዚዳንቱ በራሳቸው ሥልጣን ሊገቡበት ይችላሉ።

የእርስዎ ክርክር መትከል ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ በእኔ እይታም ከፍርዱ ይልቅ ያልተስማሙት ዳኞች የልዩነት ሐሳቦች ይጠነክራሉ። ለጉብኝት የተፈቀደ ወታደር መጋዘን ሊሠራ፣ ነዳጅና መሣሪያ ሊያከማች ይችላል ማለት የጉብኝትን ትርጉም መለጠጥ ነው። ተቃራኒው ወገን ስምምነቱን ገልጦ ይመልስልዎታል፤ ተዘጋጁበት። ሰነዱ ሥፍራዎቹን «በስምምነት የተወሰኑ ቦታዎች» ይላቸዋል እንጂ ጦር ሰፈር አይላቸውም። ኪራይ አይከፈልባቸውም፤ መሬቱ የፊሊፒንስ ነው፤ የኑክሌር መሣሪያ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ለምሳሌ አሜሪካኖች ከሥፍራዎቹ አንዱ በሆነው በባሳ አየር ሰፈር አንድ መጋዘን ቢገነቡ፣ ሕንፃው እንደተሠራ የፊሊፒንስ ንብረት ይሆናል፤ እስከፈለጉት ጊዜ የሚገለገሉበት ግን እነሱ ናቸው። ባለቤትነቱ በወረቀት፣ ይዞታው በእጅ፤ የንብረት ሕግ የተማረ ሰው ልዩነቱን አያጣውም።

ስለ ፉክክሩ ብዙ አልልም፤ ካርታውን ይመልከቱ። በ2023 ከተጨመሩት አራቱ ሥፍራዎች ሦስቱ በሉዞን ደሴት ሰሜን ናቸው፤ ከነሱም በካጋያን አውራጃ ያሉት ሁለቱ ወደ ታይዋን ይቀርባሉ። አራተኛው በፓላዋን ደቡብ ጫፍ የምትገኘው ባላባክ ደሴት ናት። የቻይና ተቃውሞ ፖለቲካዊ ክብደት አለው፤ የስምምነቱን ሕጋዊነት ግን አይነካም።

ወደ ወንጀሉ ስንመጣ፣ የመዳኘት ሥልጣንና ተከሳሹን ይዞ የማቆየት መብት የተለያዩ ናቸው፤ አያምታቷቸው። በጎብኚ ኃይሎች ስምምነት አንቀጽ 5 አሜሪካ ቅድሚያ የሚኖራት ወንጀሉ በራሷ ንብረት፣ ደኅንነት ወይም ሰዎች ላይ ብቻ ሲሆን፣ አለዚያም ወታደሩ ሥራውን ሲያከናውን የተፈጸመ ሲሆን ነው። ከዚያ ውጭ ቅድሚያው የፊሊፒንስ ነው። አሜሪካ «ተዉልኝ» ብላ ስትጠይቅ፣ ማኒላ ጉዳዩ ለእሷ ልዩ ክብደት እንዳለው በ20 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባት። ተከሳሹን ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አሜሪካኖች በእጃቸው ሊያቆዩት ይችላሉ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላለቀ ደግሞ እሱን የማቅረብ ግዴታቸው ይቀራል። ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፦ አሜሪካኖች ተከሳሹን ባለማቅረባቸው ከሚመጣው በቀር እያንዳንዱ የቀጠሮ መጓተት ከዐቃቤ ሕጉ ዓመት ላይ ይቀነሳል፤ የይግባኝ ጊዜ ግን አይቆጠርም።

ከፍርድ በኋላስ? በታኅሣሥ 2006 በማካቲ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ወታደር በዚያው ወር መጨረሻ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ተዛወረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2009 ዝውውሩ ከስምምነቱ ጋር አይሄድም አለ፤ የተፈረደበት ሰው መታሰር ያለበት ሁለቱ አገሮች በተስማሙበት ቦታ፣ በፊሊፒንስ ባለሥልጣናት እጅ ነውና። በ2015 በኦሎንጋፖ የተፈረደበት ሌላ ወታደር የታሰረው ካምፕ አጊናልዶ ውስጥ፣ በራሱ በፊሊፒንስ ጦር ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

የመውጫውን ጊዜ ለማወቅ የስምምነቶቹን የመጨረሻ አንቀጾች ያንብቡ። የ2014ቱ ስምምነት የመጀመሪያ 10 ዓመቱ በሰኔ 2024 ስላበቃ አሁን በራሱ እየቀጠለ ነው፤ ለማቋረጥ የአንድ ዓመት የጽሑፍ ማስታወቂያ ይፈልጋል። የጎብኚ ኃይሎች ስምምነት ግን በ180 ቀን ይፈርሳል። ፕሬዚዳንት ዱተርቴ ይህን ማስታወቂያ በየካቲት 2020 ሰጡ፤ ቀኑ ሳይሞላ በሰኔ አገዱት፤ እገዳውን ደጋግመው ካራዘሙ በኋላ በሐምሌ 2021 ሙሉ በሙሉ ሰረዙት። ፕሬዚዳንቱ ያለ ሴኔት ውል ማፍረስ ይችላሉ ወይ የሚለው ያኔ አከራክሯል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2021 ከዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ስለመውጣት በተነሣ ሌላ ጉዳይ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ገደብ እንዳለው ተናግሯል። ለማንኛውም ሴኔቱን ይዞ የተነሣ መንግሥት ይቀለዋል።

ተቃራኒው ወገን «አንድ ዓመት ይፈጃል» ሲልዎ፣ ወታደሩ የገባበትን የ1999ኙን መጽደቅ ያስታውሱት። የፍርድ ቤቱ ምክንያት የቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ፣ የጎብኚ ኃይሎች ስምምነት በ180ኛው ቀን ከወደቀ የ2014ቱ ሰነድ ለቀሪዎቹ ወራት መጋዘን ይኖረዋል እንጂ በመጋዘኑ የሚሠራ ወታደር የሚያስገባበት ሕግ አይኖረውም።