እንጀራውን ተዉት፣ ውሃ አቅርቡ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መብል ናቸው። ምን እናብላ? ምን እናጠጣ? ምን ይዘን እንምጣ? የድሬ ሰው ደግ ነው። ችግሩ ደግነታችን ሁልጊዜ ከራሳችን ሰሃን ይጀምራል። እኛ የምንወደውን ለውሻው፣ ከእኛ የተረፈውን ለአህያው።

ለአዲስ አንባቢዎች፦ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ መጠለያ አለችኝ። ግቢው የአባቴ ነበር፤ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ የገዛው ነው። ዛሬ አህዮች፣ ውሾች፣ ድመቶችና አንዲት አንካሳ ፍየል ይኖሩበታል። የሠለጠንኩት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ቀዶ ጥገና የሚፈልግ ነገር ሲመጣ ሐኪም እጠራለሁ። ስመልስላችሁ አንተ፣ አንቺ እላለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ያስቃል።

«የሳቢያን ልጅ ነኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል። ወደፊት እንዳንቺ የእንስሳት መጠለያ መክፈት እፈልጋለሁ። ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠሪው? ከውሾቹ ጋር ትጫወቻለሽ?»

ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ፣ አቦ! አብዛኛው ሥራ የአካፋ ሥራ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳይነጋ እነሳለሁ። ድሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አታሠራም፣ ከባዱን ሁሉ ቀድሞ መጨረስ ነው። መጀመሪያ ግን መኖ አይደለም። መጀመሪያ ማየት ነው። ባትሪ ይዤ በረቱን እዞራለሁ። ለብቻው የቆመ አለ? ጆሮውን የጣለ አለ? የማታውን ጭድ ሳይነካ ያደረ ማነው? አህያ ሕመሙን ይደብቃል። ፈረስ ሆዱን ሲቆርጠው ይንፈራገጣል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል። አህያ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ሰው ሲያየው «እንዴት ጨዋ ነው» ይላል። እኔን የሚያስደነግጠኝ እሱ ጨዋው ነው። አህያ ምግብ ሲተው፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ፣ ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ ወደ ደሙ ይለቀዋል። ጉበቱ ይጎዳል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ «እስቲ እስከ ነገ እንየው» የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም።

ቀጥሎ ፋንድያ። አትሳቅ። ብዛቱ፣ ድርቀቱ፣ ትል መኖር አለመኖሩ፣ ሁሉም ይነበባል። አንዳንዴ የፌስታል ቁራጭ ይወጣል። ከከፊራ ገበያ አካባቢ የሚመጡልን አህዮች ቆሻሻ ክምር ላይ ሲግጡ የኖሩ ናቸው። ፌስታሉ አንጀት ውስጥ ተጠቅልሎ መተላለፊያ ይዘጋል።

ከዚያ ውሃ። ገንዳው በየቀኑ ይደፋል፣ ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይሞላል። አንድ አህያ እንደ ሙቀቱ በቀን ከ10 እስከ 25 ሊትር ይጠጣል። ግን ይመርጣል። ውሃው ከሸተተው ጠምቶትም ቢሆን ፊቱን ያዞራል። ግንቦት ላይ ቧንቧው ሲጠፋ በባጃጅ በጀሪካን እናስመጣለን። ከመድኃኒት ይልቅ ኪሳችንን የሚያራግፈው ውሃ ነው።

መኗቸው ጭድና የማሽላ አገዳ ነው። እህል አላበዛም። ብዙ እህል የበላ አህያ ኮቴው ውስጥ ይቆጣበትና መራመድ ያቅተዋል። ለከሳውና ላረጀው ትንሽ ፉርሽካ በውሃ አርሼ እሰጣለሁ።

ውሾቹ ጋ ስደርስ ጨዋታ የሚመስል ነገር አለ፤ መዥገር ለቀማ። ጆሮ ውስጥ፣ በጣቶች መሃል፣ አንገት ማሰሪያው ስር። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያገኘነው «ባቡር» የሚባል ውሻ ጆሮውን ስነካው ያኮርፋል፣ ግማሽ ቀን አያናግረኝም። ቀትር ላይ ድሬ ስትተኛ እኛም ጥላ ስር እንተኛለን። ከሰዓት መድኃኒት፣ የቁስል እጥበት፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ተራ ለደረሰው የኮቴ ክርከማ። ኮቴ በየሁለት ወሩ አካባቢ መከርከም አለበት። ካልተከረከመ ወደ ላይ ይቆለመማል፣ እንስሳው በተረከዙ ይሄዳል።

ማታ ሁሉም ቆጠራ ተደርጎ ይዘጋበታል። ጅቡ ከኮረብታው ይወርዳል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፣ ስለዚህ በር በቁልፍ።

አሁንም ሐሳብህን ካልቀየርክ ቅዳሜ ጠዋት ና። ባዮሎጂህንም አጥና። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፣ ቅርባችን ነው።

«ገንደ ቆሬ የምኖር ባለ ጋሪ ነኝ። አሸዋና ውሃ አመላልሳለሁ። አህያዬ ጀርባው ቆስሏል። ጓደኞቼ የባትሪ ውሃ አፍስስበት ይላሉ። ሥራ አቁም ብቻ እንዳትይኝ። አምስት ሰው ነው በሱ የሚበላው።»

የባትሪ ውሃ አሲድ ነው። ቁስሉን ያቃጥልና ላዩን ያደርቀዋል፣ ስሩ ግን ይሰፋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም፣ የጋለ ብረትም እንደዚያው። ጓደኞችህ ክፋት የላቸውም፣ አባቶቻቸው ያደረጉትን ነው የሚነግሩህ። አንተ ግን ተዋቸው።

ሥራ አቁም አልልህም። ጭነቱን ከቁስሉ ላይ አንሳ ነው የምልህ። ይሄ ይቻላል።

መጀመሪያ ጋሪህን እየው። ባለ ሁለት ጎማ ከሆነ ጭነቱ ልክ ከአክሰሉ በላይ መቀመጥ አለበት። አሸዋውን ወደ ፊት ከቆለልከው ክብደቱ በዘንጎቹ በኩል ጀርባው ላይ ያርፋል። ወደ ኋላ ካበዛኸው ደግሞ የሆዱ ማሰሪያ ወደ ላይ ይስበዋል። ጋሪውን ጭነህ፣ አህያውን ሳትጠምድ፣ ዘንጎቹን በእጅህ አንሳቸው። ሳትቸገር ከያዝካቸው ልክ ነው። ክንድህ ከዛለ የሱም ጀርባ እንደዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ ጀርባው ላይ የምታደርገው ማዳበሪያ ይውጣ። ናይሎን ላብ አይመጥም፣ ሲሄድ ሲመጣ ቆዳውን ይልጣል። የጥጥ ወይም የሱፍ አሮጌ ብርድ ልብስ እጠፍ። ግራና ቀኝ ወፈር ያለ ሁለት ትራስ አድርግ፣ መሃል ላይ የጀርባ አጥንቱ ነፃ ይሁን። ቁስሉ ባለበት ቦታ ግን ትራሱ ላይ ቀዳዳ አትብሳ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ሌላ ቁስል ያወጣል። ደረቱ ላይም ቀጭን ገመድ አይሁን። ሰፊ ሸራ ይሻላል።

ቁስሉን በቀን ሁለቴ እጠብ። ውሃ አፍላ፣ ይቀዝቅዝ። በግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። በንጹህ ጨርቅ ከመሃል ወደ ውጭ ጥረግ። ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ወይም ትል ካየህበት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰደው። አህያ መንጋጋ ቆልፍ ቶሎ ይይዘዋል፣ ስለ ክትባቱም እዚያው ጠይቅ።

ሌላው ሰዓትህ ነው። ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ከዚያ አመሻሽ ላይ ሥራ። ቀትር ላይ በጥላ ይቁም፣ ውሃ ይጠጣ። ከጎረቤት ባለ ጋሪ ጋር ተራ መግባት ከቻላችሁ፣ አንድ ቀን የሱ አህያ አንድ ቀን ያንተ፣ ቁስሉ የሚደርቅበት ጊዜ ያገኛል። ገቢህ ለጥቂት ሳምንት ይቀንሳል። አውቃለሁ። አህያው ከሞተብህ ግን አዲስ መግዣው ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

«ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ሦስት ቡችሎች አገኘሁ። እናታቸውን መኪና ገጭቷታል። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። የላም ወተት ስሰጣቸው ተቅማጥ ያዛቸው። ምን ላድርግ?» አዲስ ከተማ

ዓይናቸው ካልተገለጠ ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም ማለት ነው። ከወተቱ በፊት ሙቀት ያስፈልጋቸዋል። አዎ፣ ድሬም ቢሆን! ሌሊት ይበርዳቸዋል። የቀዘቀዘ ቡችላ ሆዱ አይፈጭም፣ የሰጠሽው ወተት እዚያው ይበላሻል። ሙቅ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጊ፣ በፎጣ ጠቅልይ፣ አጠገባቸው አስቀምጪ። አፋቸው ውስጥ ጣትሽን ስትከቺ ሲሞቅሽ ያኔ ወተቱን ስጫቸው።

የላም ወተት ለቡችላ ቀጭን ነው። ስቡም ፕሮቲኑም ያንሰዋል፣ ስኳሩ ይበዛል። የቡችላ ዱቄት ወተት እስክታገኚ ለጊዜው እንዲህ አድርጊ፦ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ቅባት ያለው ወተት፣ ሦስት የእንቁላል አስኳል ያለ ነጩ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ለብ ይበል። በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። በደረቱ አስተኝተሽ አጥቢው፣ እንደ ሕፃን በጀርባው አይሁን፤ ወተቱ ሳንባው ይገባል። ሲጨርስ ሆዱንና መቀመጫውን በእርጥብ ለብ ያለ ጨርቅ ጥረጊ። እናቱ እየላሰች ነው ሽንት የምታሸናው፣ ብቻውን አይችልም። ተቅማጡ ካልቆመ በዚያው ቀን ክሊኒክ።

«የግመል ወተትስ?» የሚሉኝ አሉ። ግመሏ የወለደችው ቡችላ አይደለም።

የምታጠባ ውሻ ያላት ጎረቤት ካለች ግን ከሁላችንም ትበልጣለች። ጠይቂ። ወር ሲሞላቸው ዳቦ በሥጋ መረቅ አርሰሽ ጀምሪላቸው። መረቁ ሽንኩርት አይንካው። ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ደም ያበላሻል። ስለዚህ ወጥ ለውሻ ምግብ አይደለም፣ ዶሮ ወጥ ቢሆንም።

«ልጄን የሰፈር ውሻ ትንሽ ቦጨራት። ደም ብዙም የለውም። አማቴ ቅጠል አድርጊበት ትላለች።» ከዚራ

ይሄን ስታነቢ ገና ካልሄድሽ አሁን ሂጂ። ደሙ ማነሱ ምንም አይደለም። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው፣ ሰዓት እያየሽ። ከዚያ ጤና ጣቢያ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከምልክቱ በፊት በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። የክትባቱን ቀጠሮ እስከ መጨረሻው አትዝለሉ፣ ልጅቷ ደህና ብትመስልም።

ውሻውን ሰፈሩ በድንጋይ እንዳይጨርሰው። ከተቻለ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በዚያ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክሳት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። አማትሽን በፍቅር እንቢ በያት።

«እትዬ፣ ሐረር ጁገል ነው የምኖረው። ሾፌር ጓደኛዬ ከባቢሌ መንገድ ኤሊ አመጣልኝ። ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞልቼ አስቀመጥኳት፣ ዳቦ አትበላም። ትወስጃታለሽ?»

ቶሎ ከውሃው አውጣት! የየብስ ኤሊ ናት፣ መዋኘት አትችልም። ዳቦም ምግቧ አይደለም። ሣርና ቁልቋል ነው የምትግጠው።

አልወስዳትም። ጨካኝ ስለሆንኩ አይደለም። የዱር እንስሳ ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ቤት አላት። ጓደኛህ በሚቀጥለው ጉዞው ልክ ካነሳበት ቦታ ይመልሳት፣ ከአስፋልቱ ራቅ አድርጎ። የቆሰለች ከሆነ ለዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት አሳውቅ።

ነገሩ ኤሊ ላይ ቢቆም ባልተናደድኩ። በእኛው ምሥራቅ በኩል የአቦሸማኔ ግልገሎች በሶማሌላንድ አድርገው ወደ ዓረብ አገር ይሸጣሉ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። የተረፉትም እናታቸው አደን ስላላስተማረቻቸው ወደ ዱር አይመለሱም። ሆለታ መንገድ ላይ ቦርን ፍሪ የሚባል ድርጅት በሚያስተዳድረው እንሰሳ ኮቴ መጠለያ እንዲህ የተያዙ አቦሸማኔዎችና አንበሶች ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው እጅ ይኖራሉ። ሁሉም ነገር የጀመረው አንድ ሰው «ታምራለች» ብሎ ሲያነሳት ነው።

«ሰው እየራበው አህያ ትቀልቢያለሽ። አታፍሪም?»

አላፍርም። የድሬን አሸዋ፣ ውሃና ከሰል ማን ይመስልሃል የሚያመላልሰው? አህያው ሲወድቅ ጀሪካኑ ሴቷ ጀርባ ላይ ይወጣል። በዓለም ብዙ አህያ ያላት አገር ኢትዮጵያ ናት፤ ቆዳውን ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት የሚፈልጉትም ይህንን ያውቃሉ። ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 የተዘጋው ነዋሪው ስለተቆጣ ነው። በየካቲት 2016 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወስነዋል። እነሱንም አታፍሩም በላቸው።

«ከነቤተሰቤ ልንጎበኛችሁ ነው። ምን ይዘን እንምጣ?»

እንጀራ አትያዙ። በተለይ የሻገተውን። ለእናንተ ያልሆነ ሻጋታ ለአህያም አይሆንም፣ ሆዱን ይነፋዋል። ዳቦም ይቅር። አሮጌ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ጨው ሁሉም ይጠቅሙናል። ገራባ፣ የጫት ትራፊ፣ ካላችሁ ለፍየሏ አምጡ፤ እሷ የድሬ ልጅ ናት። ልጆቹ ሰንደል አያድርጉ፣ የተዘጋ ጫማ ይሁን። ሐሙስ ብቻ አትምጡ፣ ኮቴ የምንከረክምበት ቀን ነው።