«የቱን ልይ?» ለምትሉኝ

ስለ ተከታታይ ድራማ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ላንሣ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜ የለኝም። አንድ ብቻ ምረጥልኝ።

«አዶለሰንስ»። በ2025 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣ የእንግሊዝ ድራማ ነው፤ አራት ክፍል ብቻ። ፖሊስ በማለዳ በር ሰብሮ ይገባና የ13 ዓመት ልጅ ይይዛል። አብራው የምትማር ልጅ ገድለሃል ተብሎ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ የተቀረጸ ነው። ይህን ስሰማ «ጉራ መሆን አለበት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ካሜራው ዞር ስለማይል ተመልካቹም ማምለጫ የለውም። ሦስተኛው ክፍል ልጁና አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ተቀምጠው ሲያወሩ ነው፤ ሌላ ምንም የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ስልኬ ሲጠራ አልሰማሁም። ልጁን የተጫወተው ኦወን ኩፐር በዚሁ ሥራ በ15 ዓመቱ የአሜሪካን የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚን ተሸልሟል። «ገዳዩ ማነው?» እያለ የሚያጓጓ ድራማ ፈልገህ ከሆነ ግን ይህ አይደለም። የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው።

«ሴቨራንስ»ን ሁለተኛው ክፍል ላይ አቆምኩት። ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ችግሩ እኔ ነኝ?

አይደለሽም፤ እውነትም ይንቀራፈፋል። ጭንቅላታቸው ውስጥ በተቀበረ ቺፕ የቢሮና የቤት ትዝታቸው የተለያየባቸው ሠራተኞች ታሪክ ነው። ቢሮ ያለው ሰውዬ ቤቱ ያለውን ራሱን አያውቀውም። የመጀመሪያው ሲዝን ዘጠኝ ክፍል አለው፤ ዘጠነኛው የስምንቱን ዕዳ ይከፍላል። እስከ አራተኛው ሞክሪ። ካልያዘሽ ተይው፣ ማንም አይቀጣሽም።

ነርስ ነኝ። የሆስፒታል ድራማ ሳይ ሳቄ ይመጣል። አንድ እንኳ ደህና የለም?

«ዘ ፒት»ን እዪ። የመጀመሪያው ሲዝን 15 ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ በድንገተኛ ክፍል የአንድ ፈረቃ አንድ ሰዓት። አልቅሱ የሚል ሙዚቃ የለም፣ ዶክተሮቹ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ፋታ አያገኙም። በ2025 የምርጥ ድራማ ኤሚ ወስዷል። ቁስሉ ሳይሸፈን ስለሚታይ እኔ ሁለት ጊዜ ፊቴን አዙሬያለሁ። ስህተት ካገኘሽበት ግን ጻፊልኝ።

የ«ስኩዊድ ጌም» ቀጣይ ሲዝኖች ይታያሉ?

የመጀመሪያው፣ የ2021ዱ ይበቃሃል።

ከሥር የሚጻፍ ትርጉም ማንበብ ያደክመኛል። በሌላ ድምፅ የተተካውን ብመርጥስ?

ለብዙው ምንም አይደለም። ጃፓን ውስጥ የሚካሄደውን «ሾገን»ን ግን እባክህን እንዲያ አትየው። ንግግሩ በአብዛኛው ጃፓንኛ ነው፤ ድራማውም ግማሹ ስለ ትርጉም ነው። እንግሊዛዊው መርከበኛ አንድ ነገር ይናገራል፣ አስተርጓሚዋ ማሪኮ አለስልሳ ሌላ ነገር ታደርሳለች። ሁሉም በአንድ ቋንቋ ካወሩ ያ ጨዋታ ድራሹ ይጠፋል።

ባለቤቴ እኔ ሳልኖር ቀድሞ ያይና እንዳላየ ሆኖ አብሮኝ ይቀመጣል። በምን ልያዘው?

የሚያስደነግጠው ቦታ ሲደርስ ስክሪኑን ትተሽ እሱን እዪው። ያንቺን ፊት እያየ ከሆነ ጨርሶታል። እኔም የተያዝኩት እንዲሁ ነው።