ተዋናይቷን ከፊልሙ እንከን ለይቶ ማየት

ከለገጣፎ የጻፍሽልን እህታችን፣ ጥያቄሽ «ፊልሙ ራሱ እንከን ሞልቶት ብዙም ያልታወቀች ተዋናይት የምታበራበት ፊልም አለ ወይ? ትወናዋ ጥሩ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?» የሚል ነው። አለ። መለያው ደግሞ ስትናገር ሳይሆን ስታዳምጥ ማየት ነው።

በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ፊልም ቶሎ የሚጎዳው በድምፅ ነው። ሱሉልታም ሆነ ሰበታ፣ ቆርቆሮ ክዳን ባለው የኪራይ ቤት ሲቀረጽ ዝናቡ፣ ውሻውና የወፍጮ ቤቱ ሞተር ንግግሩን ይውጡታል። ስለዚህ ስቱዲዮ ገብተው እንደገና ይቀዱታል። በሰከንድ 24 ምስል በሚያልፍበት ፊልም ድምፁ ከከንፈሯ በ3 ምስል ቢዘገይ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ነው፤ ያቺን ታህል ዓይን ይይዛታል፣ ቃሉም ባዶ ይሆናል። ለቅሶ ሲመጣ ደግሞ የሙዚቃው ኪቦርድ ይጮኽበታል። ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም! ዝም ብላ የምታዳምጥበትን ፊት ግን ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና የሚቀዳው የለም።

እንግዲህ 10 ደቂቃ ያህል ድምፁን ዘግተሽ እጇን ተከተዪ። ቡና የምታምስ ሴት ከሆነች፣ ለካሜራ የምታምሰው እጇ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ምት ይሄዳል። ሚናው የገባት ግን ከባድ ወሬ ስትሰማ እጇ ይዘገያል፤ ጭሱ ሲበዛ ሳታስበው ትመለስና ታምሳለች። ሁለተኛው ነገር ቃሏን ጨርሳ ምስሉ እስኪቆረጥ ያለችው ሰከንድ ናት። አርታኢው ዘግይቶ ሲቆርጥ ጀማሪዋ ፊቷን ትለቀዋለች፣ ጎበዟ አሁንም ታሪኩ ውስጥ ናት።

«ድፍረት»ን እዪ፤ በ2014 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው፣ ስለተጠለፈች ልጅና ስለ ጠበቃዋ የሚተርክ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም ነው። በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። እኔ እንደማየው ግን ሕጉን ለማስረዳት ሲጣደፍ ሰዎቹን መግለጫ ሰጪ ያደርጋቸዋል። ጠበቃዋን የተጫወተችውን ሜሮን ጌትነትን ሁሉም ያውቃታል፤ የተጠለፈችውን ልጅ ሂሩትን የሆነችው ትዝታ ሀገሬ ግን ብዙም አልተወራላትም። ጠበቃዋ ስታናግራት የትዝታን አንገትና ትከሻ ብቻ ተከተዪ፤ ያቺ ልጅ ፊልሙን ተሸክማዋለች።

በ2015 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ከዚህ ይሻላል፤ እንከኑ ትንሽ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ልጁንና በጉን ነው። ጋዜጣ የምታነበውን ጽዮንን የተጫወተችው ቅድስት ስዩም ግን ጥቂት ትዕይንት ተሰጥቷት ሙሉ ሰው አድርጋታለች፤ ፊልሙ እሷን ቶሎ መልቀቁ ያስቆጫል።

ሁለቱንም በስልክ አትዪያቸው፤ የዓይን ሽፋን ስትንቀሳቀስ በትንሽ ስክሪን አትታይም። ርካሽ ካሜራ ላይ የቅርብ ምስል ሲደበዝዝም ትኩረቱን የሳተው ካሜራ ያዡ ነውና ከእሷ ነጥብ አትቀንሺ።