ስቶሬጁን ከመመርመራችሁ በፊት

በቅርቡ አንዲት ወጣት ኢንጂነር እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ስቶሬጃችን ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ መጥቷል። ሥራው አልተቋረጠም። የአምራቹ ሰፖርት ግን ሙሉ የዳያግኖስቲክ ፋይል ሰብስባችሁ ላኩ ይላል። ስብስቡን አሁኑኑ ልጀምር ወይስ ተጠቃሚ እስኪቀንስ ልጠብቅ?» መልሴ አጭር ነበር። ጠብቂ፤ ከዚያ በፊት ግን ሌላኛው ኮንትሮለር በእርግጥ ደህና መሆኑን አረጋግጪ አልኳት። (ስቶሬጅ የምንለው ብዙ ዲስኮችን ይዞ ለሰርቨሮች የሚያካፍለውን ማሽን ነው፤ ኮንትሮለር ደግሞ ዲስኮቹን የሚያዝዘው በውስጡ ያለ ኮምፒውተር ነው፤ የዳያግኖስቲክ ፋይል ማለት የማሽኑን ውስጣዊ ሁኔታ የያዘ የምርመራ ፋይል ነው።) ጥያቄዋ ግን አብሮኝ አደረ። ልክ ይህንኑ የጠየቀ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። የተሰጠው መልስ ከሙያው አስወጣው። ከዓመታት በኋላም ነገሩ ስለሚቆጨኝ «ሎግ ሰብስቡ» (የማሽኑን መዝገብ አውጡ) ለምትባሉ ሁሉ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

የባልደረባዬ ስቶሬጅ እንደ አብዛኞቹ ባለ ሁለት ኮንትሮለር ነበር። ሁለቱ ዲስኮቹን ይጋራሉ፤ አንዱ የተቀበለውን ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈ ዳታ ሌላው በካሽ (በጊዜያዊ ፈጣን ሚሞሪው) ቅጂውን ይይዝለታል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል። ያን ሌሊት ባልደረባዬ የስቶሬጁ ተረኛ ነበር፣ እኔ ደግሞ በሰርቨሮቹ በኩል ነበርኩ። የአንድ ዲስክ የስህተት ቁጥር ቀስ እያለ ይጨምር ነበር፤ ያን ያህል የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። ሰፖርት በስልክ ሙሉውን የዳያግኖስቲክ ፋይል ጠየቀ። ባልደረባዬ ትእዛዙን ጻፈ። ስክሪኑ ላይ ነጥቦች አንድ በአንድ ይደረደሩ ጀመር። መሀል ላይ ቆሙ።

ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ነው ብለን ጠበቅን። ኮንትሮለሩ መውደቁን መጀመሪያ የነገረን ስክሪኑ ሳይሆን ማራገቢያው ነው። ኮንትሮለር ከዜሮ ሲነሳ የማራገቢያውን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ፈርምዌር (በማሽኑ ውስጥ የተጫነው መሠረታዊ ፕሮግራም) እስኪነሳ ድረስ ማራገቢያው ብዙ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፤ ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም። ወዲያው በእኔ በኩል ከስቶሬጁ ጋር የሚያገናኙት መስመሮች ግማሾቹ ወደቁ። ማልቲፓዙ (አንዱ መስመር ሲወድቅ ሰርቨሩን በሌላው የሚያሳልፈው ሶፍትዌር) ሥራውን ሠራ፤ ሰርቨሮቹ ለአፍታ ቆመው በሌላኛው ኮንትሮለር በኩል ቀጠሉ። እፎይ አልን። ሁሉም ነገር ግን ዘገምተኛ ሆነ። ብቻውን የቀረ ኮንትሮለር ቅጂ የሚይዝለት ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ ካሹን ማመን ያቆምና እያንዳንዱን ጽሑፍ በቀጥታ ዲስክ ላይ ማሳረፍ ይጀምራል።

ሰፖርቱ መስመር ላይ ነበር። «ፋይሉ ጎዶሎ ነው፤ ከሁለተኛው ኮንትሮለር ሰብስቡና ላኩ» አለ። ባልደረባዬ የመጀመሪያው ተነስቶ ሥራውን እስኪረከብ ልጠብቅ ወይ ብሎ ጠየቀ። አጠገቡ ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ምንም አይሆንም፤ ትእዛዙ የሚያነብ ብቻ ነው፤ የሚቀይረው ነገር የለም» ተባለ። ባልደረባዬ ትንሽ አመነታ። እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ እየተነሳ ያለውን የመጀመሪያውን ኮንትሮለር የማስነሻ ፍተሻ ጽሑፎች አየ፤ ገና የሚሞሪ ፍተሻ ላይ ነበር። ሰፖርቱ በድጋሚ ጠየቀው። ጻፈው። ነጥቦቹ ያው ቦታ ሲደርሱ ቆሙ፤ ማራገቢያውም ጮኸ።

አሁን የቀረ መስመር አልነበረም። ሊነክስ ላይ አንድ የዲስክ ትእዛዝ መልስ የሚጠብቀው በነባሪው 30 ሰከንድ ነው፤ ኮንትሮለር ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ ደግሞ ደቂቃዎች ይወስዳል። ፋይል ሲስተሞቹ ራሳቸውን ለመከላከል ወደ ማንበብ-ብቻ ተቀየሩ፣ ዳታቤዞቹ ተከታትለው ወደቁ። ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ «ሲስተም የለም» ሲል አረፈደ። ዳታ ግን አልጠፋም። ያስመረረን ዝግታ ነው ያዳነን፤ ሁለተኛው ኮንትሮለር ሁሉንም ቀጥታ ዲስክ ላይ ይጽፍ ስለነበር ሲወድቅ ካሹ ውስጥ የቀረ ያልተጻፈ ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ ስብሰባ ተጠራ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ትእዛዙን ማን ጻፈው?» የሚል ነበር። እንደዚህ ተብሎ የተጀመረ ስብሰባ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እኔ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ፤ ትእዛዙ የመጣው ከሰፖርቱ ነው፣ ልጠብቅ ወይ ብሎ ጠይቋል፣ ደግሞም የሚያነብ ብቻ የተባለ ትእዛዝ ማሽን ሪቡት ካደረገ ጥፋቱ የማሽኑ ነው አልኩ። «ማስረጃ አላችሁ?» ተባልን። አልነበረንም። ንግግሩ ሁሉ በስልክ ነው፤ ቲኬቱ (ሰፖርት የጉዳዩን ሂደት የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ ያለው «ደንበኛው ሎግ እንዲልክ ተጠይቋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ኮንትሮለሩ ሲወድቅ የሚተወው የሚሞሪ ቅጂ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ ስለሚይዝ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ደምስሶታል። ሁለተኛውን ደግሞ ሰፖርቱ ወስዶት መልስ አልመጣም። ሪፖርቱ ላይ «የሰው ስህተት» ተብሎ ተጻፈ።

ከወራት በኋላ አምራቹ አዲስ ፈርምዌር አወጣ። አብሮት በወጣው የለውጥ ዝርዝር ውስጥ፣ ከብዙ መስመሮች መሀል፣ የሰፖርት ዳታ በሚሰበሰብበት ጊዜ ኮንትሮለሩ በራሱ ሪቡት ሊያደርግ የሚችልበት ችግር ተስተካክሏል የሚል መስመር አገኘሁ። ባልደረባዬ ያን ጊዜ ለቅቆ ሄዷል። እጁ ንጹሕ፣ ጥንቁቅ፣ ከማውቃቸው ሁሉ ስቶሬጅ የሚገባው ሰው ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይፈጠራል? ኮንትሮለር ውስጥ ዋችዶግ የሚባል ጠባቂ ሰዓት አለ። ፈርምዌሩ በየጊዜው «አለሁ» እያለ ሰዓቱን ወደ መነሻው ካልመለሰው ጠባቂው ፈርምዌሩ ደንዝዟል ብሎ ኮንትሮለሩን እንደገና ያስነሳል። በመሠረቱ ጥሩ ነገር ነው። አሁን አንድ የዳያግኖስቲክ ሥራ የውስጥ ሠንጠረዦችን ለመቅዳት ቁልፍ (ሌላ ሥራ እንዳይነካቸው የሚያግድ) ያዘ እንበል፤ ዲስክ እየታመመ ስለሆነ የስህተት መዝገቡ ከተለመደው በላይ አብጧል፤ ቅጂው ይረዝማል፤ ቁልፉን የሚጠብቁት ሌሎች ሥራዎች ይቆማሉ፤ «አለሁ» የሚለውም አብሮ ይቆማል። ጠባቂው ያስነሳዋል። ወይም ደግሞ የማኔጅመንቱ ፕሮግራም ለረጅም ጊዜ የወሰደውን ሚሞሪ ሳይመልስ ኖሮ፣ ፋይሉን ለመጠቅለል ተጨማሪ ሚሞሪ ሲጠይቅ ያልቅበታል። የሚያሳዝነው፣ ይህ የኮድ ክፍል ማሽኑ ደህና ሲሆን ብዙም አይነካም። የሚሠራው ማሽኑ ሲታመም ነው፤ ፈተና ላይ የነበረው ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው።

«ሁለት ኮንትሮለር አለን» ብሎ መተኛት እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። ሁለቱ የተለያየ ብረት ናቸው፤ ፈርምዌራቸው ግን አንድ ነው። መንታ ብረት የሚጠብቃችሁ ከተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ከተሳሳተ የኮድ መስመር አይጠብቃችሁም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ አንዳንድ የኤስኤስዲ ዲስኮቹ ለ32,768 ሰዓት ከሠሩ በኋላ ሙሉ በሙሉ እንደሚወድቁ አስታወቀ። 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ማለት ነው። ቁጥሩን ልብ በሉ፤ ባለ 16 ቢት፣ ምልክት ያለው (ከዜሮ በታች ያለ ቁጥርም የሚይዝ) ቆጣሪ ሊይዝ ከሚችለው ትልቁ ቁጥር በአንድ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በሌሎች ዲስኮቹ ላይ 40,000 ሰዓት የሚል ሁለተኛ ማስታወቂያ ወጣ። በአንድ ቀን የተገጠሙ ዲስኮች በአንድ ጊዜ ቢወድቁ ሬይድ (ዳታን በብዙ ዲስክ ላይ አከፋፍሎ አንዱ ሲወድቅ የሚያድነው ዘዴ) ምን ያደርግላችኋል? እ.ኤ.አ. በ2012ም የክሩሻል ኤም4 ዲስክ 5,184 ሰዓት ሲሞላው መልስ መስጠት ያቆም ነበር፤ ፈርምዌር ነው ያስተካከለው። ቆጣሪን ካነሳሁ አይቀር፣ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ከ497 ቀን በኋላ ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በድሮ ጊዜ አንድ ማሽን ያለ ሪቡት ይህን ያህል ቀን ቆመ ብለን እንኮራ ነበር። አሁን ቁጥሩን ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሁለቱ ኮንትሮለሮች አንድ ደቂቃ ላይ ተነስተው ይሆን የሚለው ነው። አፕዴት ስታደርጉ ሁለቱን አራርቃችሁ አስነሱ የምለው ለዚህም ነው።

ስለ እናንተም ልናገር። የዛሬ ወጣት ትዕግሥቱ አጭር ነው። የስህተቱን ኮድ ገልብጦ ይፈልጋል፣ የመጀመሪያውን መልስ ይጽፋል፤ የለውጥ ዝርዝር ሲያነብ ያየሁት ጥቂት ነው። ሆኖም ይህን ጥያቄ ለእኔ የላከችው ልጅ ወጣት ናት። እኛ በእሷ ዕድሜ «አላውቅም» ማለት ያሳፍረን ስለነበር አንጠይቅም ነበር። ስለዚህ ወቀሳዬን ሙሉ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

አሠልጣኛችን የነበሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ነበራቸው። ማሽን ላይ የሚጽፉትን እያንዳንዱን ትእዛዝ፣ ከመጻፋቸው በፊት፣ ከነሰዓቱ በእጃቸው ይመዘግቡ ነበር። ሰዓቱንም ከግድግዳ አይወስዱም፤ መጀመሪያ የሁለቱንም ኮንትሮለር ሰዓት አይተው ልዩነቱን ይጽፋሉ። ያን ጊዜ ጊዜ ማባከን ይመስለን ነበር። የሁለት ኮንትሮለር ሎግ በጥቂት ደቂቃ ተለያይቶ የቱ ቀድሞ እንደወደቀ መለየት ሲያቅታችሁ ያኔ ይገባችኋል።

ባክአፕ ስለመያዝ አልነግራችሁም፤ የማያውቅ የለም። የምለምናችሁ ይህን ነው። ሙሉ የዳያግኖስቲክ ፋይል ሰብስቡ ስትባሉ «በዚህ ፈርምዌር ቨርዥን ላይ ስብስቡ ራሱ የሚያስከትለው የታወቀ ችግር አለ ወይ?» ብላችሁ በቲኬቱ ላይ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ። በስልክ ከተነገራችሁ ስልኩን ሳትዘጉ የተባላችሁትን ቲኬቱ ላይ ጻፉት። ከዚያ በፊት ማሽኑን የማያስጨንቁትን ነገሮች አውጡ፦ የክስተት መዝገቡን፣ የእያንዳንዱን ኮንትሮለር ሁኔታ፣ የትኛው ዲስክ በማን በኩል እንደሚያልፍ። የሴሪያል ኮንሶሉን (ኮንትሮለሩ በኬብል ጽሑፍ የሚያወጣበትን መስመር) ጽሑፍ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እየተቀዳ ተዉት፤ ኮንትሮለር ሲወድቅ የመጨረሻ ቃሉን የሚናገረው እዚያ ነው። የካሹ ባትሪ ደህና ነው? ሁሉም ሰርቨር በሁለቱም በኩል መስመር አለው? አንድ ሰርቨር በአንድ በኩል ብቻ ተሰክቶ ከተገኘ ስብስቡ ይቆይ።

አንድ ኮንትሮለር ከወደቀ ደግሞ ምንም ነገር ከመሞከራችሁ በፊት የተወውን የሚሞሪ ቅጂ ከማሽኑ አውጡ። ሌላኛውን አትንኩ፤ የወደቀው ተነስቶ፣ የካሽ ቅጂው ተመልሶ፣ ሥራውን እስኪረከብ ድረስ ማንም ቢጎተጉታችሁ አትንኩ። ሰፖርት መጥፎ አይደለም፤ እሱም ፊቱ ላይ ያለውን ቅደም ተከተል ነው የሚከተለው። የእናንተን ክፍል ግን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ፈርምዌር ስለማደስ ሁለት ሐሳብ አለኝ፤ ሁለቱም አይታረቁም። ትናንት የወጣ ፈርምዌር ዛሬ አትጫኑ፤ ሌላው ይቅመሰው። ደግሞ ከዓመት በላይ የቆየ ፈርምዌር ይዛችሁ አትቀመጡ፤ የባልደረባዬን ማሽን የጣለው ስህተት በኋላ ታርሟል። በሁለቱ መካከል የሚወስነው የለውጥ ዝርዝሩ ነው፤ «ሪቡት» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ አንብቡ፤ የእናንተን ዓይነት ማሽን የሚነካ ካገኛችሁ አትዘግዩ።

የችግር ሪፖርት የምትጽፉም ትሆናላችሁ። «ማን ጻፈው?» ከሚለው በፊት «ማን አዘዘው፣ በየትኛው ቨርዥን ላይ፣ ስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጀምሩ። ምክንያቱ ካልታወቀም «ምክንያቱ አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶውን ቦታ በሰው ስም አትሙሉት። አምራቹ በኋላ ችግሩን አምኖ ማስተካከያ ካወጣ፣ ሪፖርቱ ከተዘጋ ቢቆይም እንኳ ተከፍቶ እንዲታረም ጠይቁ፤ የፈርምዌሩን ቨርዥንና የወጣበትን ቀን ጨምሩበት፤ ስሙ የተጻፈበት ሰው ለቅቆ ከሆነም አድራሻውን ፈልጋችሁ የታረመውን ቅጂ ላኩለት።