ማስቲካው ከዩኒፎርሙ ሱሪና ከሶፋው ላይ እንዲለቅ

የልጅዎ የዩኒፎርም ሱሪና ሶፋዎ ላይ ማስቲካ ከተጣበቀ፣ ሱሪውን ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። ማስቲካ በሙቅ ውሃ ሲያሹት የባሰ የሚንሰራፋው፣ ሙቀት ስለሚያለሰልሰው ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይጠነክርና ይሰባበራል።

1. ማስቲካው ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ሱሪውን ያጥፉትና ፌስታል ውስጥ ይክተቱት። ማስቲካው ፌስታሉን እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ይጣበቅበታል።

2. ጥፍርዎን ሲጫኑበት እስከማይጎደጉድ ድረስ፣ 1 ወይም 2 ሰዓት ያህል ይተዉት።

3. እንዳወጡት ወዲያውኑ በማንኪያ ጠርዝ ወይም በደነዘ ቢላዋ ከዳር ወደ መሃል ይፋቁት። መለስለስ ከጀመረ አይታገሉት፤ መልሰው ያስገቡት።

ለሶፋው በረዶ በፌስታል ጠቅልለው ማስቲካው ላይ ይያዙበትና እንደዚሁ ይፋቁት።

ሱሪው ላይ የሚቀረውን ስስ ቅሪት ጥቂት ጠብታ የምግብ ዘይት ያስለቅቀዋል። ዘይቱ ራሱ እድፍ ስለሚሆን ወዲያው በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ያሹት፤ ከዚያ እንደ ወትሮው ይጠቡት። ሶፋው ላይ ግን ዘይት አይጠቀሙ፤ ስፖንጁ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር አለ፦ ቅሪቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ካውያ አያስነኩት። ወረቀት ጣል አድርገው እንዲተኩሱት የሚመክሩ ሰዎች አሉ። በዚህ መንገድ ማስቲካው ወደ ወረቀቱ በመውጣት ፋንታ ክሩ ውስጥ ሰርጎ ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስላለበት፣ የጋለ ካውያ ጨርቁንም ያብለጨልጨዋል።